የልጁ ሪህ ከአባቱ የኩላሊት ሕመም ጋር ይያያዛል ወይ?

ውድ እህቴ፣ የ19 ዓመት ልጅዎ የእግሩ አውራ ጣት በሪህ እንዳበጠ፣ በደሙ ውስጥ ሪህ የሚያመጣው ዩሪክ አሲድና የኩላሊትን መድከም የሚጠቁመው ክሪያቲኒን ከፍ ብለው እንደተገኙ፣ ሐኪሙም ሥጋ ቀንስ ብቻ እንዳሉት ጽፈው፣ አባቱ በኩላሊት እጥበት ላይ ሳሉ ማረፋቸው ከዚህ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠይቀዋል። ሊያያዝ ይችላል፤ ሪህንና የኩላሊት መድከምን አብሮ የሚያመጣ፣ ከወላጅ የሚወረስ የኩላሊት በሽታ አለ፤ በእኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነው።

እኔን ሪህ የጀመረኝ በ17 ዓመቴ ነው። ሽንቴ በተመረመረ ቁጥር ደምም ሆነ ፕሮቲን ስለማይታይበት «ኩላሊትህ ደህና ነው» እየተባልኩ ብዙ ዓመታት አለፉ፤ ይህ በሽታ ሽንትን እምብዛም እንደማይለውጥ የነገረኝ አልነበረም። በኋላ አንዲት ሐኪም የእናቴንና የአጎቴን የሕመም ታሪክ ጠይቀው የዘረመል ምርመራ አዘዙልኝ፤ ዩሞድ በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ተገኘ። ዘረመሉ ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በዚህ ዘረመል የሚሠራው ዩሮሞዱሊን የተባለው ፕሮቲን ትክክለኛ ቅርጹን ሳይዝ ሲቀር በኩላሊት ቱቦ ሴሎች ውስጥ እየተከማቸ ቀስ በቀስ ይጎዳቸዋል፤ ኩላሊቱም ዩሪክ አሲድን በሚገባ ማስወጣት ያቅተዋል። የልጅዎም ሕመም ይኸው ከሆነ መነሻው አመጋገቡ አይደለምና፣ እባክዎ ይህን ደጋግመው ይንገሩት።

ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል የተባለው መድኃኒት በትንሽ መጠን ተጀምሮልኝ ሪሁን አስታግሶልኛል፤ የኩላሊቱን መድከም እንደሚያስቆም ግን አልተረጋገጠም። ልጅዎ ሕመሙ ሲነሳበት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከፋርማሲ እየገዛ እንዳይወስድ አደራ እላለሁ፤ ለደከመ ኩላሊት ጎጂ ናቸው።

ከሁሉ አብልጬ የምነግርዎ ግን ስለ ለጋሽ ነው። ኩላሊቴ ሥራ ሲያቆም ታናሽ ወንድሜ ሊሰጠኝ ተነሣ፤ የደሙም የሽንቱም ውጤት ጤናማ ነበር። ሆኖም ከወላጆች አንዱ በሽታው ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ስለሆነ ዘረመሉ ተመረመረ፤ ለውጡ እሱም ዘንድ ተገኘ። ያ ምርመራ ባይደረግ ኖሮ፣ አንድ ቀን ለራሱ የሚቸገርበትን ኩላሊት ይሰጠኝ ነበር። በአገራችን ለጋሹ በአብዛኛው የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ይህ ጉዳይ እጅግ ያሳስበኛል። በመጨረሻ ኩላሊቷን የሰጠችኝ የአባቴ እህት ናት፤ በሽታው በእናቴ ወገን የመጣ ስለሆነ እሷን አይነካትም፤ በተተከለው ኩላሊት ላይም ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ በቀጣዩ ቀጠሮ የአባቱን ታሪክ በዝርዝር ተናግረው፣ ከልጁ ሽንት ጋር የሚወጣው ዩሪክ አሲድ ምን ያህል እንደሆነ እንዲለካለትና የዘረመል ምርመራ እንዲታሰብለት ይጠይቁ። አንድ ቀን ንቅለ ተከላ ቢያስፈልገው፣ ከእህቶቹና ከወንድሞቹ በፊት ሊታሰቡ የሚገባዎት በባለቤትዎ ዘር ውስጥ የሌሉት እርስዎ ነዎት።