ሞተሩን መጨረሻ ግዢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። የግብርና ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ቤተሰብ ከሚልክልሽ ላይ እየቆጠብሽ ያጠራቀምሽው ትንሽ ብር እንዳለሽ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ያገለገለ ሞተሩን በርካሽ ልሽጥልሽ እንዳለሽ ጽፈሻል። «ልግዛው ወይስ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ ላውጣ? ሴት ልጅ ጅማ ላይ ብቻዋን መንዳት ይከብዳታል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የተማርኩት። ሞተር የጀመርኩት በ2010 ዓ.ም. ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። አሁን ሥራዬ በሰቃ ጮቆርሳና በሸቤ በኩል ገበሬ ጋ መዋል ስለሆነ ከሞተር አልወርድም።

ልጁን «ትንሽ ታገሰኝ» በዪው። ሞተር የመጨረሻው ግዢሽ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ያለሽን ብር አምስት ቦታ ክፈዪው። አንዱ እጅ ለሥልጠናና ለመንጃ ፈቃድ ነው። አንዱ ለሄልሜት፣ ለጓንትና ለጫማ። አንዱ ስም ለማዛወር፣ ለመድንና ያገለገለ ሞተር በገባ በወሩ ለሚጠይቅሽ ጥገና። ለሞተሩ የሚቀርሽ ሁለት እጅ ብቻ ነው። በሁለት እጁ ደህና ነገር የማይገኝ ከሆነ ዕቁብ ግቢና አንድ ሴሚስተር ጠብቂ። ከጓደኛ ጋር አዋጥቶ መግዛቱን ግን አልመክርሽም። ፍሬን ሲያልቅ ማን ይክፈል፣ ሲወድቅ ማን ነበር የያዘው እየተባባሉ መኝታ ክፍል ውስጥ የተኳረፉ አውቃለሁ።

ይህን አጥብቄ የምልሽ እኔ ተቃራኒውን ሠርቼ ስለተጎዳሁ ነው። ያለኝን ብር ጠቅልዬ ለሞተሩ ሰጠሁ። ያማሃ ኤጂ 100 ነበር፣ ሥራውን ከጨረሰ አንድ ፕሮጀክት የወጣ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ በአንድ ርግጫ ይነሳል። ሻጩ ሊብሬ፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተሩን፣ አሳየኝ፣ እኔም ሊብሬ ካለ ሁሉም ነገር ያለ መሰለኝ። ስም ላዛውር ስሄድ ነው ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑና ቀረጡ እንዳልተከፈለ የተነገረኝ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ተሽከርካሪ ቀረጡ ካልተከፈለ እንደኔ ዓይነቱ መብቱ የሌለው ሰው ስም ላይ አይገባም። እኔ ይህን የምሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ሞተሩ በተከራየሁበት ግቢ ሸራ ለብሶ አምስት ወር ቆመ። በመጨረሻ ሽማግሌ ተልኮ ሻጩ ግማሹን ብር መለሰ፣ ግማሹ በዚያው ቀረ። እናቴ ቡና ሸጣ የላከችልኝ ብር ነበር። ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

ስለዚህ ሞተሩን ከማየትሽ በፊት ወረቀቱን እይ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው? ካልሆነ ውክልናው የታለ? የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም የዋናው አካል ብረት ቁጥር፣ ከመሪው አንገት አካባቢ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ታገኚዋለሽ፣ የሞተር ቁጥሩም ራሱ ኢንጂኑ ላይ አለ። ሁለቱንም በገዛ ዓይንሽ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነጻጽሪ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ካገኘሽው ዋጋ እንኳ አትጠይቂ። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከፕሮጀክት በጨረታ የወጣ ከሆነ የጨረታውን ሰነድና ቀረጥ የተከፈለበትን ማስረጃ እንዲያሳይሽ አድርጊ። ታርጋውን የሰጠው መሥሪያ ቤት ሄደሽ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጪ። ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ፣ ሙሉውን ብር የምትሰጪውም ያኔ ነው። «እኛ እኮ እንተማመናለን፣ ወረቀቱን ቀስ ብለን» የሚልሽን ሰው ተሰናበቺው።

ወደ ሥልጠናው ልመለስ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት 18 ዓመት የሞላሽ መሆን አለበት፣ ያ አልፎሻል። ብስክሌት የማትችዪ ከሆነ መጀመሪያ ብስክሌት ተከራይተሽ ሁለት ሳምንት ንጂ። ሚዛን የምትለምጂበት ከዚያ የረከሰ መንገድ የለም፣ ስትወድቂም ጉልበትሽ ነው የሚላጠው። ከዚያ ማሠልጠኛ ተመዝገቢ። በጓደኛ ሞተር መልመድ ነፃ ይመስላል፣ ግን ስትጥዪው ስፖኪዮና ፍሬቻ መተካት የአንቺ ነው፣ ጓደኛሽም የሚያስተምርሽ የራሱን መጥፎ ልማድ ጭምር ነው።

በማሠልጠኛው ያለፍሽበትን ነገር ሁሉ እሁድ ጠዋት መኪና በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ደጋግሚው። በእግር ፍጥነት፣ ፍሪሲዮኑን (በግራ እጅሽ የምትይዢውን) ግማሽ ላይ ይዘሽ፣ እግርሽን ሳታወርጂ መሄድ። በስምንት ቁጥር መዞር። ሰው ፈጣን መንዳት ይከብዳል ይላል፣ የሚከብደው ግን ቀስ ብሎ መንዳት ነው። የጅማው መርካቶ አካባቢ ሐሙስ ገበያ ቀን ስትገቢ ይገባሻል። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትን እኔ የለመድኩት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው በጅሬን መንገድ ነው። የኋላ ፍሬን ረግጠሽ ያዢ፣ ነዳጅ ትንሽ ስጪ፣ ፍሪሲዮኑን ሞተሩ ሲጎትት እስኪሰማሽ ልቀቂ፣ ያኔ ፍሬኑን ማንሳት ነው። ሃያ ጊዜ ካደረግሽው ያለ ሐሳብ ይመጣልሻል።

ፍሬን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተሳስቶ ያስተምራል። «የፊት ፍሬን አትንኪ፣ ይገለብጥሻል» ተብዬ ነበር የጀመርኩት። አንድ ዓመት ሙሉ በእግር በሚረገጠው በኋላ ፍሬን ብቻ ነዳሁ። አንድ ቀን አጂፕ ጋ ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ሰው ሊጭን ድንገት ቆመ። የኋላውን ፍሬን ረገጥኩት፣ የኋላ ጎማዬ ተቆልፎ እንደ ጭራ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ የባጃጁን ጀርባ ገጨሁ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ፍሬን ስትይዢ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው የፊቱ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሙ ሥራ አብዛኛውን፣ ሰባ በመቶ ያህሉን፣ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። የሚገለብጠው በድንገት ጨብጠሽ ስትይዢው፣ ወይም ጠመዝማዛ ላይ ተጋድመሽ ሳለ ስትይዢው ነው። ቀጥ ብለሽ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የፊቱን ልክ እንደ ሎሚ ቀስ እያደረግሽ ጭመቂው። በሰዓት በ20 ኪሎ ሜትር ጀምረሽ በ40 ስትሞክሪ ማቆሚያ ርቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆን ታያለሽ። ያንን በሜዳ ላይ ያየ ሰው ባጃጅ ጀርባ ተጠግቶ አይነዳም።

ሄልሜት። እዚህ ላይ ብር አትቆጥቢ፣ ያገለገለ ሄልሜትም አትግዢ። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ከተመታ ላዩ ሳያሳይ ይሰነጠቃል፣ ሁለተኛ አይከላከልም። በየአገሩ የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበው ኮክሬን የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ይህ ግን ከአገጭሽ ሥር ታስሮ ሲሆን ነው። ፊት የሚሸፍነውን ምረጪ፣ ስታጠልቂው ጉንጭሽን ጨመቅ ማድረግ አለበት፣ ራስሽን ስትነቀንቂ ለብቻው መዞር የለበትም። ሂጃብ የምትለብሺ ከሆነ ከሥሩ ስስ የሆነውን ልበሺ፣ መርፌ አትጠቀሚ፣ ጫፉን ጃኬት ውስጥ ክተቺው። ነጠላም ሻርፕም እንደዚያው። ሰንሰለት ወይም የኋላ ጎማ የጨርቅ ጫፍ ካገኘ አይለቅም። ጃኬትና ወፍራም ጂንስ ግን ከሰልባጅ ተራ ብትገዢ ምንም አይደለም፣ የኔም ከዚያ ነው። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን፣ በሰንደል መንዳትን እርሺው።

የትኛውን ሞተር ላልሽው፣ ከ100 እስከ 125 ሲሲ (የኢንጂኑ መጠን) ያለው፣ ባለ አራት ምት፣ ማለትም ዘይቱ ከነዳጁ ጋር የማይቃጠል፣ ስትቀመጪበት ሁለቱም እግሮችሽ መሬት የሚነኩት። ቦክሰርና ቲቪኤስ ጅማ ላይ መለዋወጫቸው በየሱቁ አለ፣ መካኒኩም እጁ ለምዷቸዋል። ነዳጅም አይበሉም፣ መቶ ሲሲው በደህና ይዞታ በሊትር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የያማሃዎቹ ኤጂና ዲቲ ለገጠር ጠንካሮች ናቸው፣ ነገር ግን ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ ከነዳጁ ጋር የሚቃጠል የራሳቸው ዘይት ይፈልጋሉ። ዲቲው ደግሞ ቁመቱ እንደኔ ላለች አጭር ሴት አይመችም።

ልታዪው ስትሄጂ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሳው ንገሪው። ደርሰሽ ኢንጂኑን በእጅሽ ዳስሺ። ሞቆ ካገኘሽው በብርድ አልነሳ የሚል መሆኑን ሊደብቅሽ ይችላል። ሲነሳ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ባለ አራት ምቱ ላይ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው፣ ሞተር ማስወረድ ይመጣብሻል። ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ እይ፣ ጫፉ እንደ ድመት ጥፍር ሾሎ ከታጠፈ ሰንሰለትና ጥርስ አብረው ይቀየራሉ። ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት ካለ ተይው። ከሁሉ በላይ የራስሽን መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ ሻጩ ያመጣውን አይደለም፣ ለድካሙም ክፈዪው።

ከገዛሽ በኋላ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን አንድ ቀን አትውጪ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። መድኑ የሚሸፍነው አንቺ የምትጎጂውን ሰውና የሰው ንብረት እንጂ አንቺንና ሞተርሽን አለመሆኑን ግን እወቂ። ጥገናው ብዙ አይደለም። ዘይቱን በጊዜው ቀይሪ፣ አንድ ሊትር አካባቢ ነው። ሰንሰለቱ መሃል ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይርገብ። ጎማሽን በየሳምንቱ ጎሚስታ ጋ አስለኪ። በመንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጥ ቤንዚን አትቅጂ፣ በተለይ ደግሞ በምትተኚበት ክፍል ውስጥ ነዳጅ አታስቀምጪ።

አሁን ጅማ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው፣ ዝናቡ ክረምት ብቻ አይደለም፣ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል። በጣም የሚያንሸራትተው ዝናቡ ሲበረታ ሳይሆን ሲጀምር ነው። አስፋልቱ ላይ የቆየው ዘይትና አቧራ ከመጀመሪያው ካፊያ ጋር ተለውሶ እንደ ሳሙና ይሆናል። ሩብ ሰዓት ቡና ጠጪና ታጥቦ ሲሄድ ተነሺ። ኮብልስቶኑም የተረገጠበት ቦታ አብለጭልጮ ካየሽው በእርጥብ ጊዜ ከሚሮጥ ሰው አትፍጠኚ፣ የፊት ፍሬኑንም እዚያ ላይ በጣም አለስልሺው። ከፒስታ ወደ ቀዩ ጭቃ ስትገቢ ሁለተኛ ማርሽ፣ ወጥ የሆነ ነዳጅ፣ ዓይን ወደ ሩቅ። የፊት ጎማሽን እያየሽ ከነዳሽ የምትሄጂው እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው። በአጋሮ መንገድ ላይ ደግሞ በቡና ለቀማ ጊዜ የጭነት መኪና ይበዛል፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከከተማ አትውጪ። ሰው አትጫኚ። «እስከ ፈረንጅ አራዳ ብቻ አድርሺኝ» የሚሉሽ ጓደኞች ይመጣሉ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከኋላ ሰው ሲኖር ሚዛኑም ፍሬኑም ሌላ ሞተር ነው።

ሴት ልጅ ይከብዳታል ወይ ላልሽው፣ ሞተሩ አይከብዳትም። ሲወድቅ ማንሳት እንኳ ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ነው፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁጢጥ በይና በእግርሽ ግፊው። መጀመሪያ ላይ የሚከብደው ዓይን ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ ይነፉብሻል፣ ሰፈር ውስጥ እናቶች ቆመው ያዩሻል። በሁለት ወር ይለምዱሻል። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም ነበር፣ አሁን የወረዳው ልጆች በሞተር ሲያልፉ «ሄልሜቱስ?» ብላ የምትቆጣቸው እሷ ናት። አንቺ ደግሞ የግብርና ተማሪ ነሽ፣ ስትመረቂ የምታነቢያቸው የሥራ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የሞተር መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሞተር ሳይኖርሽም ፈቃዱ ብቻውን እንጀራ ይሆንሻል።

ልጁን ለእሁድ ጠዋት ቅጠሪው፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ይጠብቅሽ። ከዚያ በፊት ግን የሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያንሳልሽና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።