«ፈርማችኋል» ቢሉንም መጠየቅ እንችላለን?

ጥያቄ፦ አባቴ ካንሰር አለበት። እግሩ ላይ ደም ረግቶ ነበር። ሆዱ ውስጥ ይደማ ስለነበር ደም ማቅጠኛ ሊሰጡት አልቻሉም። የረጋው ደም ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ትልቁ የደም ሥሩ ውስጥ ማጣሪያ ገባለት። እሱ ነቅቶ እያወራ ቅጹን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም «ይሄ እኮ መውጣት ነበረበት» አለን። ስለ ማውጣት ማንም አልነገረንም። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ አባትዎን እግዜር ይማርልዎ። ከክሱ በፊት ግን ማጣሪያው ይውጣ አይውጣ የሚለውን አሁኑኑ በሐኪም ያስወስኑ። በቆየ ቁጥር ከደም ሥሩ ጋር ስለሚጣበቅ ማውጣቱ ይከብዳል።

«ፈርማችኋል» የሚለው የሆስፒታሉ መልስ ብዙም አያሳስበኝም። በአብዛኛው አገር ሕግ፣ ነቅቶ መወሰን የሚችል አዋቂ ስለ ገላው የሚወስነው ራሱ ነው። ልጅ የሚፈርመው አባት ራሱን ሲስት ወይም መወሰን ሲያቅተው ነው። ፊርማ ቢኖርም ደግሞ ሰውየው ምን እንደሚደረግለት ካልተነገረው ዋጋው ይቀንሳል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች የረጋ ደም ወደ ሳንባ የመሄዱ አደጋ ሲያልፍ ማጣሪያውን ማውጣትን እንዲያስቡበት አሳስቧል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ አደጋው ካለፈ፣ ከገባ ከ29 እስከ 54 ቀን ባለው ጊዜ ማውጣቱ እንደሚሻል የሚያሳይ ስሌት ጠቅሷል። ይሄ ሌላ አገር ላይ ሕግ አይደለም። ሙያው ምን ያውቅ እንደነበር ግን ያሳያል። ቀጠሮ ሳይሰጡ፣ ሳይነግሩ መሸኘት ተገቢ አልነበረም።

አስቸጋሪው ነገር ጉዳቱን ማስረዳት ነው። ካንሰር ራሱ ደም ያረጋል። ስለዚህ ሆስፒታሉ «አደጋው ስላላለፈ ሆን ብለን ተውነው» ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ማጣሪያ ደግሞ ለዘለቄታው እንዲቀመጥ የተሠራ ነው። ይሄን የሚለየው የሕክምና ማኅደሩ ነው። ጉዳዩ ታስቦበት ተጽፎ ከሆነ ክሱ ይዳከማል። ምንም ካልተጻፈ ለእርስዎ ይጠቅማል። ያም ሆኖ ማጣሪያው ተሰብሮ፣ ቦታውን ለቆ ወይም ተደፍኖ ጉዳት ማድረሱን የሚናገር ባለሙያ ሐኪም ያስፈልጋል። ጉዳት ከሌለ ካሣ ማግኘት በጣም ከባድ ነው፤ ቅሬታ ማቅረብ ግን ይችላሉ።

ስለዚህ አባትዎ በራሳቸው ስም፣ ወይም ለእርስዎ ውክልና ሰጥተው፣ የማኅደሩን ሙሉ ኮፒ በጽሑፍ ይጠይቁ። የስምምነት ቅጹ፣ የቀዶ ሕክምናው ሪፖርት፣ የማጣሪያው ዓይነትና ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት ይካተቱ። የማመልከቻውን ቅጂ ቀን አስመትተው ያስቀሩ።

ይርጋውንም፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ አይርሱ። አንዳንድ ሕግ ሕክምናው ከተደረገበት ቀን፣ ሌላው ጉዳቱን ካወቁበት ቀን ይቆጥራል። ሁለተኛው ሐኪም የነገራችሁን ቀን ዛሬ ይጻፉት፤ ማኅደሩ እስኪመጣ ሳይጠብቁም በምትኖሩበት አገር የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ።