ማይ ሂሮ አካዴሚያን ከነማንጋው ጨርሻለው፣ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን "ልየው ወይስ ይቅርብኝ" የሚል ጥያቄ በጣም ስለበዛብኝ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የጠየቃችሁኝን ሁሉ እመልሳለው። ጭራሽ ለማያውቀው በአጭሩ፦ የጃፓን አኒሜ (ካርቱን) ነው፣ ማንጋው ደግሞ መነሻው የሆነው የስእል መፅሀፍ። ኩርክ የሚሉት ሰው ይዞት የሚወለድ ሀይል አለ፣ ከ10 ሰው 8ቱ አለው፣ ታሪኩ ግን ያልደረሰው ልጅ ዴኩ ላይ ነው፣ ከዛ የአገሩ ቁጥር 1 ጀግና ኦል ማይት የራሱን ሀይል ያወርሰዋል፣ የጀግኖች ትምህርት ቤትም ይገባል። ስፖይለር (ታሪኩን ቀድሞ የሚያወጣ ነገር) አለ፣ የሚፈራ ከዚህ ይመለስ።

ጥ፦ ብሮ 170 ክፍል አይበዛም? የሚዘለል አለው?

ሲደመር ነው የሚያስፈራው። ሲዝን 1 እኮ 13 ክፍል ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ጀምረህ እሁድ ምሳ ሳይደርስ ትጨርሰዋለህ። ከ2 እስከ 6 ያሉት 25፣ 25 ናቸው፣ 7ኛው 21፣ የመጨረሻው 11። የሲዝን 3፣ 4 እና 5 የመጀመርያ ክፍሎች ያለፈውን መከለሻ ቢጤ ስለሆኑ ዳታ ለመቆጠብ ዝለላቸው። ሌላውን አትዝለል፣ አሰልቺ ያልከው ቦታ ላይ የተጣለ ነገር ሲዝን 6 ላይ ይመጣብሃል።

ጥ፦ ሌሎቹ ሱፐርሂሮዎች የሌላቸው ምን አለው?

ሀይል ያስከፍላል። ለኔ ትልቁ ጥንካሬው ይሄ ነው። ሌላ ቦታ ጀግናው ሀይል ካገኘ በኋላ ይበርራል ይመታል በቃ፣ እዚህ ግን ዴኩ በመታ ቁጥር የራሱ አጥንት ነው የሚሰበረው። ሲዝን 2 ላይ ግማሽ ሀይሉ በረዶ ግማሹ እሳት ከሆነው የክፍሉ ልጅ ቶዶሮኪ ጋር ሲገጥም ያለውን እይ፣ በረዶው በመጣ ቁጥር አንድ ጣት ይፈነጥራል ያ ጣት ይሰበራል፣ ቀጣዩን ይፈነጥራል ይሰበራል፣ ጣት ሲያልቅበት የተሰበረውን መልሶ ይጠቀማል፣ እና ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ለማሸነፍ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ቶዶሮኪ አባቱን ስለሚጠላ ከሱ የወረሰውን ግማሽ ሀይሉን አልጠቀምም ብሎ ስለታሰረ ነው፣ ዴኩ ሀይሉ የአባትህ ሳይሆን ያንተ ነው እያለ ይጮህበታል። ከዛ ደግሞ የትምህርት ቤቷ ሀኪም ሪከቨሪ ገርል እንዲህ አይነት ጉዳት ሁለተኛ አላክምም ትለዋለች፣ ቀኝ እጁም ጠባሳ ይዞ ተጣሞ ይቀራል። እጁ ስላለቀ ነው በኋላ በእግሩ መዋጋት የሚለምደው። ይሄ መዘዝ ይባላል፣ ብዙ አኒሜ ላይ ቁስል ለቀጣዩ ክፍል ድኖ ነው የሚመጣው።

ስእሉም ራሱን የቻለ ነገር ነው፣ አኒሜውን የሰራው ቦንስ ስቱዲዮ አኒሜተሩን ዩታካ ናካሙራን እዛ ቦታ ላይ ለቀቀው፣ እሳትና በረዶው ሲጋጩ ስልክህን ታቅፈህ ነው የምታየው።

ጥ፦ ዴኩ መግቢያ ፈተናው ላይ አንድም ሮቦት አልመታም አይደል እንዴ? በዝምድና ነው የገባው?

ሃሃሃ አይደለም። ሮቦት በመምታት 0 ነው ያገኘው ልክ ነህ፣ ግን ሳይነገራቸው ሰው ለማዳንም ነጥብ ይያዝ ነበር፣ አብራው የምትፈተነውን ኡራራካን ለማዳን ትልቁን ሮቦት ስለመታ 60 ተሰጠው። አንደኛ የወጣው የልጅነት ጓደኛው ባኩጎ ግን 77ቱንም ያገኘው ሮቦት በመደብደብ ነው፣ ሰው በማዳን 0። የሁለቱ ልጆች የሚቀጥሉት 7 ሲዝኖች ፀብ እዚች የውጤት ወረቀት ላይ አለች።

ጥ፦ እናት ነኝ። ልጄ 9 አመቱ ነው፣ ካላየሁ ብሎ አስቸግሮኛል። ይሆነዋል?

እናታችን፣ የመጀመርያዎቹን ሁለት ሲዝኖች አጠገቡ ሆነው ቢያዩለት ጥሩ ነው። እናት በልጇ ፊት ላይ የፈላ ውሃ የምትደፋበት ትዝታ አለ፣ ሲዝን 4 ላይ ትንሽ ልጅ የምትሰቃይበት ታሪክ አለ፣ 6 ላይ ደግሞ ደሙና ሞቱ ይበዛል፣ ያኛው ትንሽ ከፍ ሲል ይድረስ ባይ ነኝ። ሌላው ሚኔታ የሚባል ልጅ አለ፣ ስራው ሴቶችን መላከፍ ነው፣ ተከታታዩ እንደ ቀልድ ያየዋል። እሱ ሲመጣ ለልጁ ሁለት ቃል ጣል ቢያደርጉለት ይበቃል።

ጥ፦ ሲዝን 5ን ሁሉም የሚሰድበው ለምንድነው?

ይገባዋል። ይሄን በደንብ ልመልስ ምክንያቱም ሰው "አሰልቺ ነው" ብሎ ብቻ ያልፋል።

አንደኛ፣ ወደ 10 ክፍል የሚሆነው የነዴኩ መማርያ ክፍል ኤ ከመማርያ ክፍል ቢ ጋር የሚያደርገው የልምምድ ግጥሚያ ነው። አምስት ዙር፣ ማንም አይሞት ማንም አይባረር፣ ዴኩ አዲስ ሀይል ጥቁሩን ጅራፍ ከማውጣቱ በቀር ቀኑ መሽቶ ይነጋል። ሁለተኛው የባሰው ነው። ማንጋው ላይ የክፉዎቹ አለቃ የሺጋራኪና የጓደኞቹ ታሪክ ይቀድምና የቶዶሮኪ አባት ከሆነው ጀግና ኢንደቨር ጋር የሚደረገው ልምምድ ይከተላል፣ አኒሜው ገለበጠው። በ2021 ክረምት የወጣው ሶስተኛው ፊልም ላይ ኢንደቨር ጋር የሚለማመዱት 3 ልጆች ስላሉ እሱን ለማስቀደም ይመስለኛል። እና የክፉዎቹ ታሪክ፣ ሙሉ ተከታታዩ ላይ ከምርጦቹ አንዱ፣ ከ20 በላይ የማንጋ ምእራፍ፣ 5 ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቆ ወጣ። እንግዳ መጥቶ ጥሬውን ቆሎ አቅርበህ ዶሮ ወጡን ሊሄድ ሲነሳ በሩ ላይ እንደማጉረስ ነው። ከክፉዎቹ አንዱን ቱዋይስን እዛ ጋ በደንብ ሳትወደው ስለምታልፍ ሲዝን 6 ላይ ጀግናው ሆክስ ሲገድለው ሊያምህ የሚገባውን ያህል አያምህም፣ ማንጋውን ላነበብን ግን ሌላ ነገር ነበር። ስለዚ እሱን ቦታ ብቻ ማንጋውን አንብቡት።

ጥ፦ ኢንደቨር ይቅር ሊባል ይገባል? እኔና እህቴ ተጣልተንበታል

ከእህትህ ጋር ታረቅ መጀመርያ 😂

ይሄ ሰውዬ ቁጥር 1ን ለመብለጥ ብሎ ሚስት በኩርኳ መርጦ ያገባ፣ ልጆቹን እንደ እቃ የሰራ፣ የወደዳቸውን መርጦ የጣላቸውን የጣለ ነው። ከዛ ተፀፀተ። ብዙ ተከታታይ እዚህ ጋ ተቃቅፈው አልቅሰው ያልቃል። እኛም ጋ ሽማግሌ ቢቀመጥ "አባት ነው፣ አባት አይጠላም፣ ጉልበቱን ሳም" ነበር የሚባለው። እነሱ ግን እራት ላይ አስቀመጧቸው። ሲዝን 5 ላይ (አዎ የሰደብኩት ሲዝን) ሴት ልጁ ፉዩሚ እንደ ሰው ቤት አብረን እንብላ ብላ ማእድ ሞልታ ጠበቀቻቸው፣ ዴኩና ባኩጎ እንግዳ ሆነው አሉ፣ ወንድሟ ናትሱኦ ትንሽ ቀመስ አደረገና እዚህ መቀመጥ አልቻልኩም ብሎ ተነስቶ ሄደ። በቃ። ማንም አልጮኸም። ከአንድ ቤት ሶስት ልጆች፣ አንዷ እርቅ ትፈልጋለች፣ አንዱ (ቶዶሮኪ) ገና እያየው ነው፣ አንዱ አልፈልግም አለ፣ እና ሶስቱም ልክ ናቸው። ናትሱኦ እስከ መጨረሻው ይቅር አይልም፣ ታሪኩም አይፈርድበትም። ለዚህ ነው እኔ ማይ ሂሮ የሚባለው ነገር አለምን ሲያድን ሳይሆን አንድ ሳሎን ውስጥ ሲቀመጥ ነው የሚበልጠው የምለው፣ ከዚህ ቤት የጠፋው ልጅ ከክፉዎቹ አንዱ ዳቢ ሆኖ ሲመጣና ጥቁር ቀለሙን ከፀጉሩ ላይ ሲያጥብ የገባኝን ፍርሃት የትኛውም ፍንዳታ አልሰጠኝም።

ጥያቄህን ስመልስ፦ እህትህ ልክ ናት፣ ምን እንዳለች ባላውቅም።

ጥ፦ ሴቶቹስ? ኡራራካ መጀመርያ ላይ ጎበዝ ነበረች ምን ነካት?

እህቴ እሱን አታንሺብኝ። ከባኩጎ ጋር ስትገጥም ፍርስራሹን ሰማይ ላይ ሰብስባ ያዘነበችበት ሀሳብ እኮ ከዴኩ የሚያንስ አልነበረም፣ ከዛ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ስራዋ ዴኩን እያዩ መቅላት ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ብቻ 20 ተማሪ አለ፣ ላይ አስተማሪ፣ ክፉዎች፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሲጨመርበት ቦታ የሚነጠቀው ሁሌ ሴቶቹ ናቸው። መጨረሻ ላይ ከክፉዎቹ ወገን ካለችው ልጅ ቶጋ ጋር ያላት ነገር ይክሳታል፣ እሱን ጠብቂ፣ ግን ዘገየ።

ጥ፦ ሙዚቃው የማን ነው?

ዩኪ ሀያሺ። "ዩ ሴይ ራን" የሚለውን ክፈትና እቃ እጠብ፣ ሳህኑ ራሱ ጀግና ይሆናል።

ጥ፦ የክፉዎቹ ዶክተር ስም ለምን ተቀየረ?

በ2020 ማንጋው ላይ የወጣው ስም ውስጥ "ማሩታ" የሚል ነበረ፣ የጃፓን ጦር በጦርነቱ ጊዜ ሙከራ ያደረገባቸውን እስረኞች የሚጠራበት ቃል ነው፣ ቻይናና ኮሪያ ተቆጡ፣ ይቅርታ ተጠይቆ ኪዩዳይ ጋራኪ ተባለ። መቆጣታቸው ያስኬዳል።

ጥ፦ አጨራረሱ ተበላሽቷል ይላሉ፣ ዴኩ ሀይሉን አጥቶ አስተማሪ ሆነ ለዚህ ነው 10 አመት የጠበቅነው?

ማንጋው ከሀምሌ 2014 እስከ ነሀሴ 2024 በፈረንጅ፣ 430 ምእራፍ፣ ስለዚ ንዴትህ ይገባኛል። አስተማሪ መሆኑን ግን እኔ ወድጄዋለው፣ ያለ ኩርክ የጀመረ ልጅ ያለ ኩርክ ሰው ያስተምራል ምኑ ነው ውርደቱ? ከ8 አመት በኋላ ጓደኞቹ ያሰሩለትን ልብስ አምጥተው እንደገና ጀግና ማድረጋቸው ነው እንደውም ትንሽ የፈራ ያስመሰለው።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሺጋራኪ ህፃን እያለ ቤተሰቡን በራሱ ኩርክ አጥቶ፣ ቆሽሾ መንገድ ላይ ሲንከራተት አንድ ሰው እጁን አልሰጠውም፣ አንዲት ሴትዮ አይታው ጀግና ይመጣልሃል ብላ አለፈች። የተከታታዩ ትልቁ ጥያቄ ያ ነው፣ ጀግና ስላለ ሰው መርዳት ትተናል። መጨረሻ ላይ ያቺው ሴትዮ አርጅታ ሌላ የሚያስፈራ ልጅ መንገድ ላይ ታያለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሄዳ ትይዘዋለች። ማንጋው ላይ ጥቂት ገፅ ነው። ጦርነቱ ስንት ክፍል ፈጀ? መልሱ እዚህ ከነበረ ለምን ጥቂት ገፅ? እኔ ብሆን አንዱን ፍንዳታ ቆርጬ ለሴትዮዋ እሰጥ ነበር።

ጥ፦ ሰብ (ጃፓንኛው ከትርጉም ፅሁፍ ጋር) ወይስ ዱብ (በሌላ ቋንቋ ድምፅ)?

ሰብ። ግን ኦል ማይት በሁለቱም ቋንቋ ያስለቅሳል።

ጥ፦ ጨርሻለው አሁን ባዶነት ተሰማኝ፣ ቪጂላንቲስን ልጀምር?

ጀምር፣ የዚሁ አለም ሌላ ታሪክ ነው፣ አኒሜው በ2025 ነው የጀመረው፣ ከዴኩ በፊት ያለ ዘመን ነው፣ ፈቃድ የሌላቸው ጀግኖች ሰፈር ውስጥ የሚሰሩት ነገር ነው፣ ጠባብና ቀለል ያለ። የነዴኩ አስተማሪ የአይዛዋ ወጣትነት እዛ አለ። እንቅልፍ ስለመጣ የቀረውን ጥያቄ ነገ ከስራ ስወጣ አያለው።