ኢንስቶልመንት እና ኢንስቶል ዘመድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። ስልኬ ላይ አፕ ስጭን «ኢንስቶል» ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ሳነብ «ኢንስቶልመንት» የሚል ቃል አየሁና የሆነ ዕቃ መጥተው የሚገጥሙልኝ መስሎኝ አለፍኩት፤ ለካ በየወሩ የምከፍለው ብር ኖሯል! ሁለቱ ቃላት ዝምድና አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፣ ግን እናትና ልጅ አይደሉም። የአክስት ልጆች ቢባሉ ይሻላል።

ትርጉሙን ቶሎ እንጨርስ። አንድ ዕዳ ተከፋፍሎ ቀኑና መጠኑ አስቀድሞ ተቆርጦ ሲከፈል፣ እያንዳንዱ ክፍያ ኢንስቶልመንት ነው። መጀመሪያ የሚሰጡት ቅድመ ክፍያ ስሙ ሌላ ነው፤ ዳውን ፔይመንት ይሉታል።

የቃሉ ዘር ግን ከጋጥ ይጀምራል። አዎ፣ ፈረስ የሚታሰርበት ጋጥ! እንግሊዝኛው «ስቶል» ይለዋል። ጥንት በጀርመናዊ ቋንቋዎች ቋሚ ቦታ ማለት ነበር። የመካከለኛው ዘመን ላቲን ቃሉን ወስዶ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለካህን የሚሰጠውን መቀመጫ «ስታሉም» አለው፤ ካህኑ ተሹሞ ወንበሩን ሲይዝ ኢንስቶል ተደረገ ማለት ነው። የእርስዎም አፕ ስልክዎ ላይ ወንበሩን ያዘ።

የክፍያው ቃል የገባው በሌላ በር ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ቀስ በቀስ የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ። በዚያ ፈረንሳይኛ «ኤስታሌ» ማለት ለዕዳ የመክፈያ ቀን መቁረጥ ነው፣ ያው ቋሚ ቦታ ከሚለው «ኤስታል» የመጣ። እኛም እኮ መደብ ስንል መቀመጫ ነው፣ መደበ ስንል ደግሞ ወስኖ ሰጠ፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። በኋላ ሰዉ ይህን የዕዳ ቃል ጆሮው ከለመደው ከኢንስቶል ጋር ቀላቀለውና ፊቱ ላይ «ኢን» ለጠፈበት፣ በ18ኛው መቶ ዘመንም የዛሬውን መልክና ትርጉም ይዞ እናገኘዋለን። እርስዎን ያምታታዎት ነገር እንግሊዞቹንም አምታቷቸዋል ማለት ነው፣ አይፈሩ።

በነገራችን ላይ እንግሊዞች በኢንስቶልመንት መግዛትን ሲያሾፉበት «ኔቨር ኔቨር» ይሉታል። ተከፍሎ የማያልቅ ነገር ለማለት ነው መቼስ።

አጻጻፉ ላይ አሜሪካኖች «ኤል»ን ሁለቴ፣ እንግሊዞች አንዴ ይጽፏታል። ሁለቱም ልክ ነው። ደግሞ በየሳምንቱ እየተቆራረጠ የሚወጣ ታሪክ እያንዳንዱ ክፍልም ኢንስቶልመንት ይባላል፤ እዚያ ካገኙት የሚከፍሉት የለም።