ጥያቄና መልስ፦ የአሜሪካ ዜግነት ፈተና ቀጠሮ ሲደርስ

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ቀጠሮዬ ደረሰኝ፤ የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው። ማመልከቻውን ያስገባሁት በኖቬምበር 2025 ነው። ጓደኞቼ «መቶዋን ጥያቄ ሸምድደህ ግባ፣ ከአሥር ስድስት ከመለስክ አለቀ» ይሉኛል። እውነት ይህ ብቻ ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የነገሩዎት እነሱ የተፈተኑትን ነው። ኦክቶበር 20፣ 2025 እና ከዚያ ወዲህ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በአዲሱ ፈተና ነው የሚጠየቀው። የሚጠናው 128 ጥያቄ ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ ለማለፍ 12 መመለስ አለብዎ። 12 በትክክል እንደመለሱ ኦፊሰሩ ያቆማል፤ 9 ከሳቱም እዚያው ያቆማል። ከዚያ ቀን በፊት ያስገቡት ግን በመቶው ጥያቄ፣ ከ10 ስድስት በመመለስ ያልፋሉ። ወሳኙ ማመልከቻው የገባበት ቀን እንጂ የኢንተርቪው ቀን አይደለም። ከኢሚግሬሽን የተላከልዎ ደረሰኝ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ አውጥተው ይዩት።

ጥያቄው በቃል ነው፣ ምርጫ የለውም። በአዲሱ ውስጥ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ነገር ጥቀሱ የሚሉ አሉ፤ አንዱን ብቻ ጠርቶ ዝም ማለት አያስቆጥርም። በሚኖሩበት ስቴት የሚወሰኑት ጥያቄዎችም ሰው ያሳስታሉ። የሜሪላንድ ዋና ከተማ አናፖሊስ ነው፣ ባልቲሞር አይደለም። ሲያትል ላለ ሰው መልሱ ኦሊምፒያ ነው። ዲሲ የሚኖር ደግሞ ሴናተርም ገዢም እንደሌለው መናገር አለበት፤ ትክክለኛው መልስ እሱው ነው። የባለሥልጣናትን ስም ከአሮጌ መጽሐፍ አያጥኑ፤ የሚቆጠረው በኢንተርቪው ቀን ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው።

እንዲያም ሆኖ በእኛ ግምት የታሪክና የመንግሥት ጥያቄው ቀላሉ ክፍል ነው። ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፣ የሚወጣውም ከታወቀ ዝርዝር ነው። ሰውን የሚያንተባትበው ኤን 400 የሚባለው የራሱ ማመልከቻ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። ስምዎ ሲጠራ ኦፊሰሩ ወደ ቢሮው ይወስድዎታል። መንገድ ላይ ስለ አየሩ፣ ስለ ትራፊኩ ያወራዎታል፤ የእንግሊዝኛ ንግግርዎ ከዚያ ጀምሮ እየታየ ነው። ከዚያ ቆመው ቀኝ እጅዎን አንስተው እውነት ለመናገር ይምላሉ። ቁጭ ሲሉ ማመልከቻዎን ከስምዎ ጀምሮ ያገላብጠዋል፦ አድራሻ፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆች፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ከአገር የወጡባቸው ቀኖች። ለዚህ ክፍል የተለየ የመናገር ፈተና የለም፤ ፈተናው ይኸው ውይይት ነው።

ቀጥሎ በ«ሃቭ ዩ ኤቨር» የሚጀምሩት ይመጣሉ፦ ታስረው ያውቃሉ፣ ሲቲዝን ነኝ ብለው ያውቃሉ፣ ለምርጫ ተመዝግበው ያውቃሉ፣ ግብር ሳይከፍሉ ቀርተው ያውቃሉ። አብዛኛው ሰው «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ ይወርዳል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ጥያቄው ሳይታወቅ ይገለበጣል፦ ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ? የታማኝነት ቃለ መሐላውን ለመፈጸም ፈቃደኛ ነዎት? ሕግ ካስገደደ መሣሪያ ያነሣሉ? በለመደ አፍ እዚህም «ኖ» የሚል ሞልቷል። ኦፊሰሩም «ኦዝ (መሐላ) ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ሊያቆምዎት ይችላል። የመዝገበ ቃላት ፍቺ አይፈልግም፤ «ፕሮሚስ ቱ ቴል ዘ ትሩዝ» ካሉት ይበቃዋል። ካልገባዎት «ፕሊዝ ሪፒት» ማለት ነውር አይደለም፣ በሌላ አነጋገርም ሊጠይቅዎ ይችላል። ሳይገባ «የስ» ማለት ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ከስድስቱ ሳምንት አራቱን ለፎርሙ ይስጡት። ያስገቡትን ቅጂ ይዘው ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ እየጠየቀዎት ጮክ ብለው ይመልሱ።

ማንበቡና መጻፉ አጭር ነው። ለእያንዳንዳቸው እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይሰጥዎታል፣ አንዱን ካገኙ አለፉ። ብዙ ጊዜ በታብሌት ላይ በስክሪን ብዕር ነው የሚጻፈው፤ እጅ ያንሸራትታል፣ ተረጋግተው ይጻፉ። ትርጉሙን እስካልቀየረ ድረስ የፊደል ግድፈት አይጥልም፤ ቁጥር በአሃዝም በፊደልም ይቻላል። የተነገረዎትን ቃል አሳጥሮ መጻፍ ግን አይፈቀድም።

ወረቀት በተመለከተ፦ የቀጠሮው ደብዳቤ፣ ግሪን ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ፣ ጊዜው ያለፈበትም ሆነ ያላለፈበት ፓስፖርት በሙሉ፣ የጋብቻና የፍቺ ወረቀት፣ የግብር ሰነድ። ፍርድ ቤት የቀረበ ነገር ካለ፣ ክሱ ተሰርዞ እንኳ ቢሆን፣ ውሳኔው ከፍርድ ቤቱ በማኅተም ይውጣ። ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ የከፈላችሁበትን የትራፊክ ቅጣት ማስረጃ ያዙ። የአማርኛ ሰነድ ከነትርጉሙና ከተርጓሚው የማረጋገጫ ፊርማ ጋር መሆን አለበት።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ ከያዘች 21 ዓመት ሆኗታል። እንግሊዝኛ አትችልም። ትፈተናለች?

መልስ፦ ትፈተናለች፣ ግን በአማርኛ። ማመልከቻው ሲገባ 65 ዓመት የሞላው እና በግሪን ካርድ በድምሩ 20 ዓመት የኖረ ሰው የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው፤ 10 ትጠየቃለች፣ ስድስት ትመልሳለች። 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረም ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ ይሁንና ሙሉውን የታሪክና የመንግሥት ጥያቄ በራሱ ቋንቋ ይፈተናል። በሦስቱም ሁኔታ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። አስተርጓሚው መታወቂያ ይያዝ፣ የተባለውን ብቻ ይተርጉም። «እማማ፣ እንዲህ በይ» የሚል ልጅ ኢንተርቪውን ያበላሻል፤ ኦፊሰሩ ሊያስወጣውም ይችላል። የማስታወስ ችግር ወይም ሌላ ሕመም ካለባት ኤን 648 የሚባል ፎርም አለ፤ ሐኪም ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ይሞላዋል። እርጅናና አለመማር ብቻቸውን ግን ምክንያት አይሆኑም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ ጽሑፉን ወደቅሁ። እንደገና መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ከመጀመሪያው ኢንተርቪው በኋላ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ድጋሚ ይጠራሉ፤ የሚፈተኑትም የወደቁበትን ክፍል ብቻ ነው። በዚያ ቀን ሳያሳውቁ ከቀሩ እንደ ውድቀት ይቆጠራል። ሁለተኛውንም ከወደቁ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። ውሳኔው ተሳስቷል የሚሉ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ኤን 336 አስገብተው ሌላ ኦፊሰር እንዲያየው መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ በደርግ ጊዜ የኢሠፓ አባል ነበርኩ። ፎርሙ ላይ «የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ?» ይላል። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ መጻፍ አለብኝ? የልደት ቀኔም በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ነው።

መልስ፦ ይጻፉ። ጥያቄው መቼም ቢሆን ነበሩ ወይ ነው የሚለው፤ ሕጉ በመሠረቱ የሚከለክለው ግን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት የነበረን አባልነት ነው። ደርግ የወደቀው በ1983 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አሁን እርስዎን የሚያሰጋው ያኔ አባል መሆንዎ ሳይሆን ዛሬ መሐላ ፈጽመው «አልነበርኩም» ማለትዎ ነው። ኦፊሰሩ ፊት የተቀመጠው ማኅደር ለጥገኝነት ወይም ለዲቪ የሞሉትን ሁሉ ይዟል፤ የልጆች ቁጥር፣ የጋብቻ ቀን፣ የውትድርና አገልግሎት ሳይቀር ያስተያያል። ወታደር ወይም ፖሊስ የነበሩ ከሆነም ይመዝግቡት፤ የሚጠየቁት የት፣ መቼ፣ ምን ሠሩ የሚለውን ነውና ቀኖቹን አስታውሰው ይግቡ። ከማመልከትዎ በፊት አንድ ቀን ጠበቃ ቢያማክሩ ገንዘብዎ አልባከነም።

የልደቱ ነገር ብዙ ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ነው፤ አንዱ ወረቀት ላይ የኢትዮጵያው ቀን ሳይለወጥ እንዳለ ገብቶ ይሆናል። ኦፊሰሩ ሳይጠይቅ ራስዎ ይንገሩት፣ ሁለቱንም ወረቀት ያሳዩት።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ አለፍክ ተባልኩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴስ?

መልስ፦ ገና ዜጋ አልሆኑም። ዜግነቱ የሚጸናው በቃለ መሐላው ሥነ ሥርዓት ነው። ለዚያ የሚላክልዎ ኤን 445 ጀርባው ላይ ከኢንተርቪው ወዲህ የሆነውን ይጠይቃል፦ ጉዞ፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ እስር፣ ቅጣት። በዚያው ቀን ይሙሉት፣ ግሪን ካርድዎን ይዘው ይሂዱ፣ እዚያ ይቀበሉዎታል። ከመማልዎ በፊት ለምርጫ አይመዝገቡ፤ መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ «ልመዝግብዎት?» ቢሉዎት እምቢ ይበሉ።

የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ከመሐላው በኋላ በድሮው ፓስፖርት ቦሌ መግባት አይገባም። ለእርስዎ ያለው መንገድ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም።