የአንባቢያን ጥያቄ፦ አሮጌ ላንድክሩዘር ለበሽሎ ድንጋይ

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ? በፈረንጆቹ 1986 የተሠራ ላንድክሩዘር 60 አለን፤ ሞተሩ 2ኤች ናፍጣ ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ ሁለት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አሁን ከተማ ለከተማ ይሄዳል። በጥር ከወገልጤና ወደ በሽሎ ወንዝ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን በድንጋያማው ቁልቁለት ልንወርድ አስበናል። ጓደኞቼ ትልልቅ ጎማ፣ ዊንችና ከፍ ያለ ባሌስትራ ግዛ ይሉኛል። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። ከየት ልጀምር? (ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሩ ወንድማችን፤ ከሦስቱ አንዱንም ባይገዙ ወርደው ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን መኪና ድንጋይ ላይ የሚያስቀረው ያልተገጠመለት ዕቃ አይደለም፤ ከሥሩ ያረጀና ማንም ጎንበስ ብሎ ያላየው ዕቃ ነው። ገንዘቡን እዚያ ያውሉት።

መጀመሪያ የፊት አክስሉን ያስፈትሹ። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ፣ መሪ ሲዞር አብሮ የሚዞረውን ኳስ መሰል ብረት በእጅ ይዳብሱት። ስስ የግሪስ ቅባት ካለው ደህና ነው። እንደ ወጥ የቀጠነ ጥቁር ፈሳሽ ከወረደ ግን የውስጡ ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ገብቶ ግሪሱን አጥቦታል። በውስጡ ያለው በርፊልድ የሚባለው መገጣጠሚያ ያለ ግሪስ ከተማ ውስጥ ለወራት ሊታገስ ይችላል፤ መሪው ዞሮ ድንጋይ ሲገፋ ግን ይሰነጠቃል። የሁለቱንም ጎን ሲሎች በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ። ከተከፈተ አይቀር በርፊልዱ በናፍጣ ይታጠብ፤ ኳሶቹን የሚይዘው ቀለበትና ዋንጫው ስንጥቅ እንዳለባቸው በደንብ ይታይ፤ ከዚያ ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ይጠቅጠቅበት። የላይና የታች ኩሽኔታዎቹን በጣት አዙረው ጎርበጥ ካሉ ይቀየሩ። በላይና በታች የሚገኙት ስስ ማስተካከያ ቆርቆሮዎች እንዳይቀላቀሉ መካኒኩን አደራ ይበሉት፤ ከተቀላቀሉ መሪው ወይ ይደርቃል ወይ ይንቀጠቀጣል።

እዚያው ቦታ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ፦ የመሪውን ክንድ ከኳሱ ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች። ከሥራቸው ሾጣጣ ሮንዴላ አላቸው፤ ጥብቀታቸው ወደ 96 ኒውተን ሜትር ነው። ሲላሉ ክንዱ መጫወት ይጀምራል፣ ዳዶዎቹ የሚታሰሩባቸው ችካሎች አንድ በአንድ ይቆረጣሉ፣ በመጨረሻም መሪው ጎማውን ማዘዝ ያቆማል። ገደል አፋፍ ላይ ይህ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፤ ድንጋይ ላይ አንድ ቀን ከተነዳ በኋላም እንደገና ይታዩ።

ቀጥሎ ዘይት። ለሁለቱ ዲፈረንሻሎች 80ደብሊው90 ጂኤል5፣ ለካምቢዮው ጂኤል4 ይሁን (ቆርቆሮው ላይ የሚጻፉ የዘይት ደረጃዎች ናቸው)፤ ጂኤል5 የካምቢዮውን የናስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። አሮጌውን ዘይት ከማፍሰስዎ በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታቱን ያረጋግጡ። የማፍሰሻው ተፈትቶ የመሙያው እምቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ክሪክ ላይ ይቀራል። የወጣው ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ጸጉር የመሰለ ብናኝ ቢኖር ያለ ነው፤ በጥፍር የሚነሣ ስባሪ ካለ ግን ጉዞው ይቆይ። ዲፈረንሻሉ ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻም አይርሱ። የጋለ ዲፈረንሻል ውኃ ሲነካው ይቀዘቅዝና አየር ይስባል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በሲሉ በኩል ውኃ ይስባል። በቀጭን የናፍጣ ጎማ ቱቦ እስከ ሞተር ክፍሉ ድረስ ከፍ ያስደርጉት፤ ርካሽ ሥራ ነው።

ፍሬን፦ ሁለት ዓመት የቆመ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ጠጥቷል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። አንድ ሊትር ዶት 3 ገዝተው ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ። አየሩን ሲያወጡ ከዋናው ፓምፕ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጎማ ይጀምሩ። ከሻንሲ ወደ አክስል የሚወርዱት የጎማ ቱቦዎች ሲታጠፉ ከተሰነጣጠቁ ይቀየሩ። የኋላው ታምቡር በትክክል ካልተጠጋ የእጅ ፍሬኑም አይይዝም፤ ይህ መንገድ ደግሞ የእጅ ፍሬን ይፈልጋል።

ስለ ባሌስትራው ግልጽ እንሁን። ቅጠል መጨመር ለጭነት ነው። ባዶውን የደረቀ ባሌስትራ ድንጋይ ላይ አይታጠፍም፤ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፣ በባዶ ይሽከረከራል፣ ሲያርፍ ደግሞ አክስሉን ይመታል። ይልቅ የተሰበረ ቅጠል ካለ ይቀየር፣ የባሌስትራው ጫፎች ቀዳዳ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጎማዎች ይታደሱ፣ የመሀል ቡሎኑ ይታይ። አክስሉን ከባሌስትራ ጋር የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ አሮጌዎቹን መልሶ ማሰር አይመከርም፤ ተስበዋልና ዳግም አይጨብጡም። የግድ ከፍ ይበል ካሉም ከ5 ሴንቲሜትር አይለፍ፤ ያኔ የፍሬን ቱቦዎቹም ረዘም ይበሉ።

ራዲያተሩ በውጭም በውስጥም ይጽዳ። ሞተሩ ግሎ ከጠፋ በኋላ ማራገቢያውን በእጅ ሲገፉት ያለ ምንም መጎተት የሚሽከረከር ከሆነ የማራገቢያው ክላች ሞቷል፤ ሎው ላይ (በዝቅተኛው የፎር ዊል ማርሽ) በቀስታ ሲወጡ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። አንዳንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ አለው፤ ይህን አይፍቀዱ። ሳይገጠም ሲቀር ውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ይመለሳል፤ ሙቀቱም አይቀንስም። የወገልጤና አካባቢ፣ የደላንታ ሌሊት ውርጭ ስላለው ግማሽ በግማሽ ከኩላንት ጋር ይቀላቀል።

ለዊንቹ ባሰቡት ገንዘብ 9 ሜትር የሚሆን ጠንካራ መጎተቻ ቀበቶ፣ 4.75 ቶን የሚችሉ ሁለት ሻክሎች፣ ሁለት ታኮ፣ ዲጂኖ፣ እንዲሁም ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ሳንቃ ይግዙ። ቀበቶው ሻንሲ ላይ በቡሎን በታሰረ መንጠቆ ይያዝ፤ የተሳቢ መጎተቻ ኳስ ላይ በጭራሽ አይንጠልጠል፤ ተቆርጦ ሲወረወር ይገድላል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የኔ ባለ 7.50-16 ጎማ ነው፤ ቸርኬው ባለ ቀለበት፣ የውስጥ ጎማ ያለው። ድንጋይ ላይ ነፋሱን ቀንስ ይሉኛል። እስከ ስንት? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። እስከ 25 ፒኤስአይ ይቀንሱ፤ ከዚያ በታች አይውረዱ። የውስጥ ጎማ ያለው ጎማ በጣም ሲላላ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ የውስጡንም አብሮ ይጎትትና ቫልቩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። የውስጥ ጎማ የሌለው 31 በ10.5 በ15 ቢሆን 18 ወይም 20 ድረስ ይቻል ነበር። የላላ ጎማ ድንጋዩን ያቅፋል፤ የወሎ ጥቁር ድንጋይ ግን ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ጎኑን ይቆርጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ከ8 ፕላይ (የጎማው የጥንካሬ ደረጃ) ያላነሰ ይምረጡ፤ ጎማው በላላበት ሁሉ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ። አስፋልት ከመንካትዎ በፊት መልሰው ይሙሉ።

ባለ ቀለበት ቸርኬ ሲፈታ የቫልቩ እምብርት ወጥቶ ነፋሱ ፈጽሞ ማለቅ አለበት። ሲሞላም ቀለበቱ ወደ መሬት ይዙር፤ ጎሚስታውም ሌላውም ሰው ፊት ለፊቱ አይቁም። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ ከስኮርታው በተጨማሪ ይያዙ። መኪናው ባለ 24 ቮልት ከሆነ የ12 ቮልት ኮምፕረሰሩን በአንዱ ባትሪ ብቻ ላይ ያስሩ፤ በሁለቱ ላይ ካሰሩት ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ባለ ናፍጣ ስቴሽን ዋገን እነዳለሁ። ዳገት መሀል ሲጠፋብኝ እደነግጣለሁ፤ ክላች ረግጬ ፍሬን እይዛለሁ፣ መኪናው ግን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ደጋው ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል። (ከወልዲያ)

መልስ፦ እህታችን፣ ክላቹን መርገጥዎ ነው የሚያንሸራትተው። ሞተሩ ሲጠፋ በማርሽ ላይ ያለ መኪና ራሱን ይይዛል፤ ክላች ሲረገጥ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል፤ የጠፋ ሞተር ደግሞ የፍሬኑን ረዳት ስለማያግዝ ጥቂት ጊዜ ከረገጡ በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል።

እንዲህ ያድርጉ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይያዙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ሎው ላይ እንዳሉ ክላች ረግጠው የኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ ክላቹን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ። መሪው ቀጥ ይበል። የእጅ ፍሬኑን፣ ቀጥሎም የእግሩን በዝግታ ይልቀቁ፤ መኪናው በሞተሩ ይያዛል። አሁን ቁልፉን ያዙሩ፦ ሞተሩ በማርሽ ላይ ሆኖ ይነሣል፣ መኪናውም በዝግታ ወደ ኋላ ይወርዳል። ክላችም ናፍጣም አይንኩ። ዳገት መሀል ለመዞር አይሞክሩ፤ መኪና የሚገለበጠው ወርዱን ለቁልቁለቱ ሲሰጥ ነው። ክላች ካልተረገጠ የማይነሣ ዓይነት ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ሜዳ ላይ አስቀድመው ይሞክሩት። ባትሪውም ጠንካራ ይሁን።

ጭሱ፦ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል 30 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚረጨውን ናፍጣ የሚያቃጥልበት አየር ያጣል። የአየር ፊልትሮውን ያጽዱ፤ ከዚያ ናፍጣ ከመጨመር ማርሽ ይቀንሱ። ፓምፑን መንገድ ላይ በካቻቢቴ አይነካኩ።

ጥያቄ፦ ስኮርታውንና ጀሪካኖቹን ፖርቶመጋላው ላይ ብጭንስ? (ከላሊበላ)

መልስ፦ አይጫኑ። ጎን ያዘነበለ መንገድ ላይ የላይ ክብደት ይገለብጣል። ናፍጣው ሞልቶ ከተነሣ 90 ሊትር ገደማ ነው፤ ካልበቃ አንድ ባለ 20 ጀሪካን ውስጥ ወለሉ ላይ ታስሮ ይያዝ። ላይ የሚጫነው ፍራሽና ድንኳን ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ድንጋዩ ከዲፈረንሻሉ ሲበልጥ በየት ልለፍ? ረዳቴ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይለኛል። (ከሐይቅ)

መልስ፦ ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቁልቁለት ላይ ከመኪናው በታች አይቁም። ድንጋዩን በሁለት ጎማ መሀል አያሳልፉት፤ ጎማ ያውጡበት። በላንድክሩዘር 60 የፊቱ ዲፈረንሻል ከመሀል ወደ ቀኝ ያደላ ነው፤ ከመሬት ያለው ከፍታ 20 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የግድ በመሀል ከሆነ ትልቁ ድንጋይ በግራ በኩል ቢያልፍ ይሻላል። መሪው እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ሳለ ናፍጣ አይስጡ፤ በርፊልድ የሚሰበረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይበሉ፣ መሪውን ያቅኑ፣ ከዚያ ይሂዱ።

ቁልቁለቱን በሎው አንደኛ፣ ክላች ሳይነኩ ይውረዱ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያደርሱ በበሽሎ ገደል በኩል መንገድ እያስጠረጉ ነበር ያሳለፉት፤ እናንተም ጎማ ሥር የሚደለደል ድንጋይ ያስፈልጋችኋል። ግን ከእርሻ እርከን ላይ አታንሡ፤ ገበሬው አፈሩን የያዘበት ነው፤ አንድ ድንጋይ ሲነሣ በክረምቱ ጎርፍ ከላይ ያለው ይከተለዋል። ከመንገዱ ዳር የወደቀውን ተጠቀሙ፤ ካለፋችሁም በኋላ አንሡት፤ ከኋላ የሚመጣ አህያ ከነጭነቱ እንዳይሰናከልበት። በበልግ ወራት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ወንዙ ከመሙላቱ በፊት በጠዋት ተሻገሩ።