እምብርት ላይ የወጣው እብጠት የአንጀት ካንሰር ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነው? እናቴ የዛሬ ሁለት አመት በ47 አመቷ ትልቁ አንጀቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን ሆና ኬሞም ጨርሳ ደህና ነበረች። አሁን ግን እምብርቷ ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠንካራ ነገር ወጣ፣ ቡአ ነው ብለን ሁለት ወር ዝም አልን፣ ሲቆስልና ፈሳሽ ሲያወጣ ጊዜ ሄድን፣ ናሙና ወሰዱና ያው የአንጀቱ ነው አሉን። የአንጀት ካንሰር እንዴት እምብርት ላይ ይወጣል? አክስቶቼ ደግሞ ድሮም ብረት ባይነካት አይሰራጭም ነበር እያሉ አስፈራሯት፣ ኬሞ አልጀምርም ብላለች። ለኛ ለልጆቿስ ያሰጋናል? እኔ 29 አመቴ ነው።
ጨንቆኝ ነው

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ቡአ መስሏችሁ መቆየታችሁ አያስወቅሳችሁም፣ ሀኪምም ይሳሳትበታል።

ከአንጀት የሚወጣው ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ስለሆነ የአንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፣ ከዛ ሳንባ። ግን አንዳንዴ አጥንት፣ አንጎል፣ ኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ)፣ ቆዳ ላይ ሁሉ ይገኛል። እምብርት ደሞ የራሱ መንገድ አለው። ማህፀን ውስጥ እያለን ከእትብት ወደ ጉበት ደም የሚወስደው ቧንቧ ስንወለድ ይዘጋና ከእምብርት እስከ ጉበት እንደ ጅማት ተዘርግቶ ይቀራል፣ እምብርት ጋ የሆድ ግድግዳውም ስስ ነው፣ ስለዚህ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር እዛ ጋ ብቅ ቢል አይገርምም። ይሄን ያስተዋለችው አሜሪካ ሚኒሶታ የዶክተር ዊሊያም ማዮ ረዳት የነበረች መነኩሲት ነርስ ናት፣ የበሽተኛ ሆድ ለኦፕራሲዮን ስታጥብ እምብርቱ ላይ ጠጣር ነገር ካገኘች ውስጥ የተሰራጨ ካንሰር እንዳለ ታውቅ ነበር። ማዮ በ1928 ጻፈበት፣ እሷ ከሞተች በኋላ በ1949 በስሟ የሲስተር ሜሪ ጆሴፍ እብጠት ተባለ። (የፈረንጅ አመት ነው።)

ዋናው ነገር፣ ይሄ የቆዳ ካንሰር አይደለም፣ የትም ይውጣ የት የአንጀት ካንሰር ነው፣ የሚሰጠውም የአንጀቱ መድሃኒት ነው። ለዚህ ነው የድሮውን የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ ውጤት) ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ የምለው፣ አዲሱን ከድሮው ጋር ያስተያዩታል። ከዛ የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን፣ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራም። አልደብቅሽም፣ እምብርት ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሆድ ውስጥም ሌላ ቦታ አለ፣ ሙሉ በሙሉ ማዳን ይከብዳል፣ ኬሞው ግን እድሜም ይጨምራል ስቃይም ይቀንሳል።

የብረቱን ወሬ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ ያናድደኛልም። በኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ ካንሰር የሚያድግበት አጋጣሚ አለ፣ ግን ጥቂት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሴሎቹ ሀኪም ሳይነካቸው በፊት ሄደዋል። ባትሰራ ኖሮ ካንሰሩ እዛው እያደገ አንጀቷን ሊዘጋው ይችል ነበር። አክስቶችሽን አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂና ከሀኪሟ ይስሙ፣ እናትሽ ከኔ ጽሁፍ ይልቅ እነሱን ነው የምትሰማው።

ለእናንተ፦ እናት በ47 ከታመመች ልጆች ከ10 አመት ቀድመው ማለትም በ37 ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) መጀመር አለባቸው፣ በዘር የሚሄደው አይነት ከሆነ ደግሞ ከዛም በፊት። የእናትሽ ናሙና ለዚህ መመርመር ይችል እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ወይ ሆድሽ ልማዱን ከቀየረ ግን 37ን አትጠብቂ።